ግዕዝ የተማረ ልጅ ሌላም በር አለው

ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ገብተው በፊሎሎጂ ማስተርስ የሠሩ ልጆች አንዳንዴ ምክር ይጠይቁኛል። ውጭ ሄደው መማር ይፈልጋሉ። ምን እንደሚማሩ ግን ገና አልቆረጡም። ብዙ ሰው ነገረ መለኮት ወይም የኢትዮጵያ ጥናት ይላቸዋል። ሁለቱም ጥሩ ነው። እኔ ግን የአይሁድ ጥናትንም አስቡበት እላለሁ።

ይህን ስል ሁለት ጥያቄ ወዲያው ይመጣል። አንዱ «ሃይማኖቴን ልለውጥ ነው?» የሚል ነው። አይደለም። የአይሁድ ጥናት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 በርሊን ላይ ሊዮፖልድ ጹንዝና ጓደኞቹ ማኅበር አቋቋሙ። የአይሁድን መጻሕፍት እንደ ማንኛውም የታሪክ ሰነድ በምርምር ለማየት ነበር ሐሳባቸው። ዛሬ ትምህርቱ በኢየሩሳሌም፣ በኦክስፎርድ፣ በሃይደልበርግ፣ በኒው ዮርክ ይሰጣል። አይሁዳዊ ያልሆነ ሰውም ይማረዋል፣ ያስተምረዋልም። ሁለተኛው ጥያቄ «ሥራ ይገኝበታል?» ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ በእጃችን ያለውን እንይ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ከአገራችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ተመለሰ። የእንግሊዝኛው ትርጉም በ1821 ታተመ። ከ1947 ጀምሮ ደግሞ ሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን በሚባለው ቦታ፣ ጥንታዊ ጥቅልሎች ከዋሻ ወጡ። ከመካከላቸው የሄኖክ ቁርጥራጭ በአራማይክ፣ የኩፋሌ ቁርጥራጭ በዕብራይስጥ ተገኘ። ሁለቱ መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ሆነው ያሉት ግን በግዕዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የእነዚያን ጥቅልሎች ዘመን የአይሁድ ሥነ ጽሑፍ ጠለቅ ብሎ ማጥናት የሚፈልግ የውጭ ተማሪ ካደገ በኋላ የግዕዝ ፊደል መቁጠር ይጀምራል። እኛ ጋ በዚያው ቋንቋ ቅኔ የሚዘርፍ ልጅ አለ። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ አለመገናኘታቸው ያስቆጨኛል።

መንገዱን የጀመሩ አሉ። ነጆ የተወለዱት ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ ሃርቫርድ ተምረው መጽሐፈ ሄኖክን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመዋል፤ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣ። አባ ዳንኤል አሰፋም በዚሁ መጽሐፍ ላይ በፈረንሳይኛ ጥናት አሳትመዋል። ሌሎችም አሉ። ግን ካለን የግዕዝ ተማሪ ብዛት አንጻር በጣም ጥቂት ናቸው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ አንድምታ ነው። የመጻሕፍት ቤት መምህር አንድ ጥቅስ ይፈታና «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል። ከዚያ እንደገና «አንድም» ይላል። የአይሁድ ሊቃውንት ሚድራሽ የሚባለው ትርጓሜያቸው ውስጥ «ዳቫር አኼር» ይላሉ። ቃል በቃል «ሌላ ነገር» ማለት ነው። ሥራው ግን የእኛው «አንድም» ነው። «ንግበር ሰብአ በአርአያነ ወበአምሳሊነ» የሚለውን ውሰዱ። ለምን በብዙ ቁጥር ተነገረ? የእኛ መምህራን ምሥጢረ ሥላሴን ያወጡበታል። የአይሁድ መምህራን በዘፍጥረት ሚድራሽ ላይ አንዱ ከሰማይና ከምድር ጋር ተማክሮ ነው ይላል፤ ሌላው ከመላእክት ጋር ነው ይላል። ሌላም አለ። ሙሴ ይህን ቃል ሲጽፍ እጁ ይቆማል። «ለመናፍቃን ለምን በር ትከፍታለህ?» ብሎ ፈጣሪን ይጠይቃል። «አንተ ጻፍ፤ መሳት የሚወድ ይሳት» ተብሎ ይመለስለታል። መምህሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ አንድምታ የሰማ ተማሪ ይህን ሲያነብ እንግድነት አይሰማውም። አጠያየቁን ያውቀዋል። መልሱ መለየቱ ደግሞ የራሱን መጽሐፍ ተመልሶ በአዲስ ዓይን እንዲያይ ያደርገዋል።

ቋንቋውም እንደሚፈራው አይደለም። ሰማይ «ሻማይም»፣ ነፍስ «ኔፌሽ»፣ ከልብ «ኬሌቭ» ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ መዝሙር 118ን ሲያነብ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ ነው ያደገው። የዕብራይስጥ ፊደላት ስሞች እነዚያው ናቸው፤ ብዙዎቻችን ሳናውቀው በቃላችን ይዘናቸዋል። የሚከብደው አራማይኩ ነው፤ ታልሙድ የሚባለው ትልቁ የአይሁድ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ ያለ እሱ አይነበብም። ለዶክትሬት ደግሞ ጀርመንኛ ወይም ፈረንሳይኛ ማንበብ ብዙ ቦታ ይጠየቃል። ስለዚህ ዕብራይስጡን እዚሁ አገር ቤት፣ ከጉዞው በፊት መጀመር ነው። አመልካችን ከሌላው የሚለየው የቋንቋ ችሎታው ነው፤ ግዕዝ ብቻውን በሩን አይከፍትም።

አሁን ወደ ገንዘቡና ሥራው። በአሜሪካ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለዶክትሬት ተማሪ ክፍያውን ሸፍነው የመኖሪያም ይሰጣሉ። ማስተርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኪስ ነው። በጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ በአብዛኛው ያለ ክፍያ ነው፤ የመኖሪያውን ወጪ ግን ማሰብ ያስፈልጋል። ስኮላርሺፕ ሳይገኝ ተበድሮ ለማስተርስ መሄድን አልመክርም። የመምህርነት ቦታው ጠባብ ነው። ይህን ደብቄ ማንንም አልልክም። ቢሆንም ሁለቱንም ወገን፣ ግዕዙንና ዕብራይስጡን፣ የሚያነብ ሰው በዓለም ላይ ጥቂት ነው። የብራና ጽሑፍ ያላቸው ቤተ መጻሕፍትም እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋሉ።

ሌላ ምክንያትም አለኝ፤ ይኼኛው ከልቤ ነው። ቤተ እስራኤል። ጎንደር ውስጥ ለዘመናት አብረውን ኖሩ። ማረሻችንን ቀጠቀጡ፣ ማሰሯችንን ሠሩ። እኛ ቡዳ አልናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በዘመቻ ወደ እስራኤል ሲሄዱ እንኳ ስለ ጸሎታቸው የምናውቀው ትንሽ ነበር። መጻሕፍታቸውን ለዓለም ያሳተሙት የውጭ ሰዎች ናቸው፤ የፈረንሳይ ምሁሩ ዮሴፍ ሃሌቪ ጸሎታቸውን በ1877 አወጣ። ከራሳቸው ወገን ግን ታምራት አማኑኤል ገና በወጣትነታቸው በ1905 ለቤተ እስራኤል ትምህርት ይደክም ከነበረው አይሁዳዊ ምሁር ከዣክ ፋይትሎቪች ጋር አውሮፓ ሄደው በፓሪስና በፍሎረንስ ተምረዋል፤ ተመልሰውም አዲስ አበባ ላይ የቤተ እስራኤልን ትምህርት ቤት መርተዋል።

እዚህ ላይ ተማሪው ልቡን ማስፋት ይኖርበታል። ክብረ ነገሥት ሲነገር እየሰማ ያደገ ልጅ ሴሚናር ላይ ሌላ ነገር ይሰማል። ቤተ እስራኤል እንደ ማኅበረሰብ የተቀረጹት እዚያው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በ14ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። በሌላ በኩል የእስራኤል የሴፋርዲ አይሁድ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ወስነዋል። የሚያውቀውን ለማስመስከር ብቻ የሚሄድ ሰው ይጎዳል። ማስረጃውን ለመስማት የሚሄድ ግን ይጠቀማል፤ ሊከራከርም ይችላል።

ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የቤተ እስራኤል ልጆች የራሳቸው ቄሶች ኦሪትን በግዕዝ አንብበው በአማርኛና በትግርኛ በቃል እንዴት እንደሚፈቱ ያጠናሉ። ቄሶቹ እያረጁ ነው። አንድ የጎንደር ቅኔ ቤት ተማሪ ከእነሱ ጎን ቁጭ ብሎ ጸሎቱን ቢያዳምጥ አብዛኛውን ይረዳዋል። በመሀል በመሀል የሚገባው አገውኛ ግን ያመልጠዋል። ለዚያ አገውኛ የሚያውቅ ሌላ ተማሪ ያስፈልጋል።