የተገኘች ጥንቸል በነጻ አትሰጥ

ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ፣ ኒውዮርክ ደግሞ ከታኅሣሥ 2024 ወዲህ፣ የቤት እንስሳት መደብሮች ከአርቢዎች ያመጧቸውን ውሾች፣ ድመቶችና ጥንቸሎች እንዳይሸጡ በሕግ ከልክለዋል። ሕጎቹን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን የመደብሩን በር ቢዘጉም፣ የሰለቸው ቤተሰብ መናፈሻ ውስጥ የለቀቃትን ጥንቸል ሌላው አግኝቶ «በነጻ ውሰዱልኝ» በሚል ማስታወቂያ ለሦስተኛ ሰው የሚያስተላልፍበትን መንገድ አይነኩትም። በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ልጆቻችን ጥንቸል በጠየቁን ቁጥር በዚህ መንገድ ላይ ነን።

ከሁሉ በፊት መታረም ያለበት «የዱር ናት፣ ትኑርበት» የሚለው ግምት ነው። የቤት ጥንቸል የአውሮፓ ጥንቸል ዘር ስትሆን፣ በአሜሪካ ጓሮዎች የሚታዩት የዱር ጥንቸሎች ግን ከእርሷ ጋር የማይዳቀሉ የሌላ ወገን እንስሳት ናቸው። ነጭ፣ ዝንጉርጉር ወይም ጆሮዋ የተንጠለጠለ ከሆነች ከሰው ቤት እንደወጣች አያጠራጥርም፤ የሚያሳስተው የዱሮቹን የመሰለ ቡናማ ጠጉር ያላት፣ ከተለያዩ የቤት ጥንቸል ዝርያዎች የተወለደች ድቅል ናት፤ እርሷንም ቢሆን ሰው ሲቀርባት አለመሸሿ ብዙውን ጊዜ ያጋልጣታል። ሜዳ ላይ ብትተው ከውሻ፣ ከጭልፊትና ከሙቀት የምታመልጥበት ልምድ የላትም። ከ2020 ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ግዛቶች የተስፋፋው ደም አፍሳሽ የጥንቸል ቫይረስ ደግሞ የቤቱንም የዱሩንም ስለሚገድል፣ መልቀቅ ለዱሮቹም ጠንቅ ነው። በካሊፎርኒያ እንስሳን መጣል ራሱ በወንጀል ያስጠይቃል።

ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዝርያዋ ነው። የአሜሪካ የጥንቸል አርቢዎች ማኅበር 50 ገደማ ዝርያዎችን ያውቃል፤ ሆኖም ወላጆቿ ያልታወቁ ጥንቸል «ግማሽ ሆላንድ ሎፕ፣ ግማሽ ድዋርፍ» ተብላ ስትተዋወቅ የምናነበው ግምት ነው፣ አንዳንዴም የዋጋ ማስወደጃ። ጾታዋና መምከኗ ግን ግምት ሊሆን አይገባውም። ሴት ጥንቸል የምታረግዘው ለአንድ ወር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በወለደች ዕለት እንደገና ልታረግዝ ትችላለች፤ ስለዚህ የተገኘች ሴት ምናልባት አርግዛ እንደሆነ መጠርጠርና ከወንድ ለይቶ ማቆየት ያስፈልጋል። ወንዱም ከተመከነ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ ስለሚችል ወዲያው አብሮ አይለቀቅም። ያልመከነች ሴት ዕድሜዋ ሲገፋ የማኅፀን ካንሰር በብዛት ያጠቃታል፤ ማምከን የሚጠቅመው ያላሰቡትን ግልገል ለማስቀረት ብቻ አይደለም።

ለእንስሳ ማስረከቢያ ገንዘብ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ያሳፍራል፤ እኔ ግን መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ። በነጻ የሚሰጥ ጥንቸል ለእባብ ቀለብ የሚፈልግ ሰውም እጅ ሊገባ ይችላል፤ መጠነኛ ክፍያ፣ ከዚያም ቤቱን አይቶ ማስረከብ፣ ሁለቱ ባንድነት እንዲህ ያለውን ፈላጊ ያርቃሉ። ወሳጁ ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት እንደምትኖር፣ ዋና ምግቧ ካሮት ሳይሆን ድርቆሽ እንደሆነ፣ ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግም ያለ ድርቆሽ እንደምትታመም ሊነገረው ይገባል። የስምንት ዓመት ልጅ የለመናት ጥንቸል ልጁ ኮሌጅ ሲገባ ወላጆቹ ላይ ትቀራለች። በ1988 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ሃውስ ራቢት ሶሳይቲ፣ ጥንቸል መክና ከሰው ጋር ቤት ውስጥ እንድትኖር ለዓመታት ሲያስተምር ቆይቷል፤ ምክሩ ለድቅሏም ያው ነው።

የሚያስቸግረው ወጪው ነው። ጥንቸል የሚያክሙ የእንስሳት ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፣ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሰጠው የማምከን አገልግሎትም በአብዛኛው ለውሻና ለድመት የተዘጋጀ ነው። ጥንቸልን በመደብር ሽያጭ እገዳ ከሁለቱ ጋር የቆጠሩ ግዛቶች በማምከኛው በጀትም አብረው ሊቆጥሯት ይገባል፤ እስከዚያው የማምከኛውን ክፍያ አግኚው ከወሳጁ ጋር ተካፍሎ፣ ማስረከቡን ከሕክምናው በኋላ ቢያደርገው ይሻላል።