ለክቡር «ስንት ሜትር ነህ?» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቁጥር፦ 1/98
ከ፦ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር
ለ፦ ክቡር «ስንት ሜትር ነህ?»
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከለቅሶ ቤት እንዲቀሩልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ሳንገናኝ የዋልንበት ቀን ስለሌለ ራሴን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም፤ እኔ ያ 1 ሜትር ከ98 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው ነኝ። የመጡት በማለዳ ከሆነ 1 ሜትር ከ99 ብለው ይመዝግቡልኝ፤ የሰው አከርካሪ ሌሊት ተኝቶ ሲያርፍ ይላቀቅና ቀን በክብደት ሲጨመቅ ስለሚውል፣ በጠዋትና በማታ ቁመት መካከል አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለመዝገብዎ እንዲመች ብዬ ነው። መቼም በእነዚህ ዓመታት መልሱን አንድ ቀን እንኳ ጽፈው አስቀምጠውት ቢሆን ኖሮ ደግመው ባልጠየቁኝ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ማክሰኞ አጎቴ ወደ አኼራ ሄደ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እርሱ ነው። በየመንፈቁ ጫማ ሲጠበኝ፣ ገና በቅርቡ የገዛው እንደሆነ ሳያነሣ፣ እጄን ይዞ ሰኞ ገበያ የሚወስደኝ ሰው ነበር፤ እርስዎንም በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ከአፉ አውጥቶዎት አያውቅም። ስለዚህ ቢያንስ በእርሱ ቀብር ላይ አይመጡም ብዬ ማሰቤ የዋህነት እንጂ ድፍረት ተደርጎ እንዳይቆጠርብኝ።

ሶላቱ ተሰግዶ ጀናዛው ሲነሣ ልጁ ነኝና ከፊት በግራ በኩል ያለውን የቃሬዛውን እንጨት በትከሻዬ ተቀበልሁ። ሌሎቹ ሦስት ተሸካሚዎች ብብቴ ላይ የሚደርሱ ሰዎች ነበሩና ቃሬዛው ወዲያው ወደ ቀኝ አዘነበለ። ከኋላ «ኧረ ጀናዛው ሊንሸራተት ነው!» የሚል ድምፅ መጣ። ጉልበቴን አጥፌ፣ ወገቤን ሰብሬ፣ አንገቴን ወደ ደረቴ ቀብሬ፣ ከእነርሱ ትከሻ ጋር ትከሻዬን አስተካክዬ ዳገቱን ሠላሳ እርምጃ ያህል ወጣሁ። ጭኔ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ቃሬዛው ተስተካክሎ ነበር። በዚህ መሀል ነው፣ ላኢላሃ ኢለላህ እያለ በሚሄደው ሕዝብ መካከል አንዱ ጎልማሳ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ፣ ለእኔም እንዲሰማኝ አድርጎ፣ «ይሄስ ሩኩዕ ላይ ነው እንዴ?» ያለው። (የጀናዛ ሶላት ሩኩዕ፣ ማለትም ወገብን አጥፎ ማጎንበስ፣ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚያወጣት ቀልድ መሆኗን አልክድም።) ሳቁ በመዳፍ ታፍኖ ከረድፍ ወደ ረድፍ ተሻገረ። ከዚያ ከቅሬው፣ ከዕድራችን፣ ሽማግሌዎች አንዱ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ በእርግጥ በደግነት፣ «አንተ ልጅ፣ ልቀቅ፤ አንተ ስትይዘው ለሬሳውም ለሰዉም አይመችም» አሉኝ።

ለቀቅሁ። አጎቴን ሌሎች ሰዎች ተሸክመው ወሰዱት፤ እኔ ከሁሉም ራስ በላይ ከሩቅ እያየሁ ተከተልሁት። ይህን ጥቅም እንደማልክድ ይመዝገብልኝ፤ ከኋላ ሆኜም ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ በደንብ አይቻለሁ።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ስንደርስ ደግሞ ከቅሬው ዕቃ ቤት የመጣው አንዱ ምሰሶ ተሰንጥቆ ኖሯል። ሸራው በእናቴና በአክስቶቼ ራስ ላይ ሊወርድ ደረሰ። ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ ሁሉም ዓይን በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። እጄን ዘርግቼ የሸራውን ጠርዝ ያዝሁ፣ አንድ ልጅ የባሕር ዛፍ እንጨት ሊያመጣ ተላከ፣ ልጁም እንደ ልጅ ሄደ። በዚያ ቁመና፣ ሁለት እጄ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ፊቴን የምጠርግበት እጅ አጥቼ ለቀስተኛ ስቀበል ቆየሁ። ያኔ ነው እርስዎ የደረሱት። አንድ የማላውቀው ሰው፣ ነጠላውን እያስተካከለ፣ ከታች ወደ ላይ አንድ ጊዜ፣ ከላይ ወደ ታች ሌላ ጊዜ ቃኘኝና፣ «ግን ስንት ሜትር ነህ?» አለኝ። እኔም ለዓመታት እንደ ሠለጠነ ሰው፣ እንባዬ በአገጬ እየወረደ፣ «አንድ ከዘጠና ስምንት» ብዬ መለስሁለት። እርሱም በዚህ አልበቃውም፤ «ሁለት ሜትር በለው እንጂ!» ብሎ አረመኝና፣ አጠገቡ ወዳሉት አዛውንት ዞሮ፣ እንዲህ ያለ ሰው የሞተ ዕለት የቅሬው ቃሬዛ እንደማይበቃው ተወያዩ።

ስማ! ያ ሰው እኮ ሊያጽናናኝ ነበር የመጣው። «አላህ ያጽናህ» ለማለት ሁለት ቃል ነው የሚያስፈልገው፤ ያንተው ሦስት ነው፤ ሦስቱን መርጦ ሁለቱን ተወ። እጄ ቢፈታ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሰው ያሳደገውን ቀብሮ በተመለሰ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የገዛ ሬሳውን እንደ ጣውላ ሲለኩበት ቆሞ መስማት አለበት? ማን ነው ቁመቴን የሕዝብ ንብረት ያደረገው? አጭሩን ሰው በለቅሶ ቤት «ስንት ስንዝር ነህ?» ብትለው ነውር ነው፤ ወፍራሙን «ስንት ኪሎ ነህ?» ብትለው ነውር ነው፤ ለእኔ ሲሆን ጨዋታ የሆነው ለምንድን ነው?

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወደ አንቱታ ልመለስ።

የቀረው ቅሬታዬ ያረጀ ስለሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ታናሽ ወንድምዎ «ቅርጫት ኳስ ትጫወታለህ?» አሁንም አልደከመውም፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 1 ሜትር ከ65 ሆኖ በአትላንታና በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያመጣ፣ በዚያ ቁመት ያለውን መንገደኛ ሁሉ አስቁሞ «ሯጭ ነህ?» ያለ ሰው ግን አላየሁም። እህትዎ «አሁንም እያደግህ ነው?» ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመቴን ብታውቅ ደስ ይለኛል፤ አጥንት የሚረዝምበት ክፍል በጉርምስና ማብቂያ ተደፍኖ የሚያበቃ ነገር ነው። ቡና ላይ እርስዎ በአቦል ይመጣሉ፣ በቶና ይደገማሉ፣ በበረካ ይመረቃሉ፤ ይህን ሁሉ አጭር ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴን ከአገጬ ጋር አገናኝቼ እሰማለሁ። አምፖል መቀየር ሥራዬ አይደለም።

የኮምቦልቻው ሚኒባስ ግን ትንሽ ዘርዘር ማለት ይገባዋል። ረዳቱ ሁልጊዜ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያስገባኛል፤ ምክንያቱም «ረጅም ሰው ኋላ ነው የሚመቸው» የሚል፣ ማን እንዳወጣው የማይታወቅ ደንብ አለ። ሐረጎን በጠመዝማዛው ስንወርድ በየኩርባው ራሴ ጣሪያውን ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ከእኔ ቀድሞ «እሰይ!» ብሎ ይስቃል፤ ከመኪናው ስንወርድ ደግሞ ረዳቱ የሁለት ሰው ቦታ ይዘሃል ብሎ ስለ ሂሳብ ያነጋግረኛል። ከተማችን ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትቀመጥ ሰው ሁሉ በሰላም እየኖረባት፣ በእኔ ሁለት የማትሞላ ሜትር ብቻ ይሄን ያህል መደነቅ ከየት እንደመጣ አልገባኝም። ጦሳን በየማለዳው እያየ የሚነሣ ሕዝብ ከፍታ ብርቅ ሊሆንበት አይገባም ነበር።

ስለሆነም፣ ክቡር ሆይ፣ ከዕለት ተግባርዎ ይሰናበቱ አልልም፤ ዕድሜ ልኬን ለምኜም አልሆነልኝም። በአውቶቡስ፣ በገበያ፣ በሠርግም ይምጡ፤ እንደ ልማዴ መልሱን እሰጥዎታለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የአጎቴ አርባ ቀን ሰደቃ በሚውልበት ዕለት፣ ቢያንስ ዱአው እስኪያልቅ ድረስ፣ ከድንኳኑ ደጅ እንዲቆዩልኝ። ማወቅ የግድ ከሆነብዎ መልሱን በዚህ ደብዳቤ ቁጥር ላይ ያገኙታል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቅሬው የዕቃ ቤት ኃላፊ፤ የተሰነጠቀው ምሰሶ ከአርባው ቀን በፊት እንዲተካ።