ለቀዶ ጥገናው ተዋጣ፤ ለሌንሱስ?

አዳማ ላይ አንድ ወጣት የዓይን ብሌን (ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ንቅለ ተከላ ሊደረግለት ነው ሲባል ሰፈሩ ይነሳል። ባጃጅ ነጂው ያዋጣል፣ ዕድሩ ይጨምራል፣ ውጭ ያለ ዘመድም ይልካል። ደስ ይላል። ሂሳቡ የሚሰላው ግን እስከ ቀዶ ጥገናው ቀን ብቻ ነው። የሌንስና የጠብታ ገንዘብ ያልተያዘበት መዋጮ ለእኔ ግማሽ መዋጮ ነው።

ወጣቶችን ወደዚህ ንቅለ ተከላ ከሚያደርሱት አንዱ ኬራቶኮነስ ነው፤ የዓይን ብሌን እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት ሕመም። ብዙ ጊዜ በጉርምስና ይጀምራል። ዓይንን አዘውትሮ ማሸት ያባብሰዋል። በአዳማ ንፋስና አቧራ ዓይኑን የማያሽ ማን አለና! በጊዜ ከተደረሰበት ክሮስሊንኪንግ በሚባል ሕክምና እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል። ብሌኑ ጠባሳ ከያዘ ግን ወደ ንቅለ ተከላ ይኬዳል።

ሁሉም የሚጠብቀው ፋሻው ሲፈታ ጥርት አድርጎ ማየት ነው። እንደዚያ አይሆንም። ብሌን የደም ሥር ስለሌለው ቁስሉ ቶሎ አይሽርም። አዲሱን ብሌን የያዙት ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች ብዙ ጊዜ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ። እስከዚያ እይታው ይለዋወጣል። ክሮቹ ከወጡም በኋላ ብሌኑ ጠርቶ፣ ቅርጹ ግን ወጣ ገባ ሊሆን ይችላል። መነጽር ለአንዳንዱ ይበቃል። ላልበቃው ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ወይም ነጩ የዓይን ክፍል ላይ የሚያርፍ ስክሌራል ሌንስ አለ። በሌንሱና በብሌኑ መካከል ያለው ፈሳሽ ወጣ ገባውን ስለሚሞላው እይታው በጣም ሊሻሻል ይችላል። «ቀዶ ጥገናው ከሸፈበት» ተብሎ የሚታዘንለት ሰው አንዳንዴ የጎደለው ይኸው ሌንስ ብቻ ነው።

ጠብታውም ቀልድ አይደለም። ገንዘብ አጥሮ በራስ ፈቃድ ሲቋረጥ ሰውነት ብሌኑን ሊገፋው ይችላል። ዓይን ከቀላ፣ ብርሃን ካስጨነቀው ወይም እይታው ከደበዘዘ፣ ዓመታት አልፈውም ቢሆን፣ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ብሌኑ እኮ ከሞተ ሰው የተለገሰ ነው። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ከተቋቋመ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። እንዲህ ተለፍቶ የተገኘ ብሌን በጠብታ እጦት ሲበላሽ ያንገበግባል።

ሰውነት ብሌኑን እንዳይገፋ የሚሰጠው ይኸው ስቴሮይድ የተባለ ጠብታ የዓይን ግፊትን ሊጨምር ስለሚችል ግፊቱ በየጊዜው መለካት አለበት። ለዚህ ብቻ አዲስ አበባ መመላለስ ለምን? ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም በደብዳቤ ወደ አዳማ የዓይን ባለሙያ ቢልክ የትራንስፖርቱ ብር ለጠብታ ይተርፋል። ቤተሰብም መዋጮ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፦ ጠብታው እስከ መቼ ነው? ክሩን ማን ያወጣል? ሌንስ ካስፈለገ የት ይለካል፣ በስንት?