ቁጥር እናውቃለን፣ መቁጠር ግን አልተማርንም

ወገኖቼ፣ የብሔራዊ ቡድናችን የዋልያዎቹ ደጋፊዎች፣ ቢመራችሁም ስሙኝ። የድሮ ተጫዋች ሲነሣ «ያ 10 ቁጥሩ»፣ «ያ ግራኙ 11» እንባባላለን። ስሙን የሚጠይቅ ሲመጣ እርስ በርስ እንተያያለን። ማሊያው ትዝ ይለናል፤ የለበሰው ሰው ጠፍቶናል። ይህን ጨዋታ ነው ብላችሁ የምትስቁ፣ ሰኔ 2005ን አስቡ።

ብራዚል ላስተናገደችው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነበር። ግንቦት 26 ቀን 2004 ሩስተንበርግ ላይ ከደቡብ አፍሪካ 1 ለ 1 ስንለያይ ምንያህል ተሾመ ቢጫ ካርድ አየ። መጋቢት 15 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ ቦትስዋናን 1 ለ 0 ስናሸንፍ ሁለተኛውን አየ። ደንቡ ለማንም ግልጽ ነው፦ በአንድ ማጣሪያ፣ በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን ጨዋታ አይሰለፍም። ቅጣቱ በራሱ ይጸናል። ቀጣዩ ጨዋታ ሰኔ 1 ቀን ከዚያችው ከቦትስዋና ጋር፣ በሜዳዋ ነበር። ልጁ ተሰለፈ። 2 ለ 1 አሸነፍን።

ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታን። 13 ነጥብ፣ ከተከታያችን በ5 ርቀን፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶ! በስታዲየሙ ከካታንጋ መቀመጫ እስከ ጥላ ፎቅ ተቃቀፍን፣ ከተማው ሲጨፍር አመሸ። በዚያው ዕለት ፊፋ ምርመራ መክፈቱ ተሰማ። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋና ላይ ያገኘነው ድል በፎርፌ 3 ለ 0 ሽንፈት ሆነ፤ 13 የነበረው 10 ሆነ። በላዩም የ6,000 ስዊስ ፍራንክ ቅጣት። የልጁ ስም ራሱ «ምን ያህል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ መላሽ አጣ።

ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አምኗል፣ እሱን ተዉት። እኛስ? ሁለቱንም ቢጫ ያየነው በዓይናችን ነው። ስንቶቻችን ጻፍነው? «14 ቁጥር ምን ነክቶት ነው» ስንል፣ «7 ቁጥር ይቀየር» ስንል ዋልን እንጂ! እኔም ከዚያው ጩኸት ውስጥ ነኝ፤ ራሴን አላወጣም።

ስሕተቱ ከየት እንደሚገባ ልንገራችሁ። በሁለቱ ቢጫዎች መካከል ከዘጠኝ ወር በላይ አለፈ። በዚያ መሐል ከ31 ዓመት በኋላ የተመለስንበት የአፍሪካ ዋንጫ ተካሄደ፤ የዚያ ካርድ ደግሞ ለዓለም ዋንጫው አይደመርም። ሁለቱን ውድድር በአንድ ገጽ የጻፈ ሰው ይሳሳታል። በቁጥር ብቻ የጻፈማ የባሰ ይሳሳታል፦ ለዋናው የዓለም ዋንጫ የተሰጠ ቁጥር እስከ ፍጻሜው አይቀየርም፤ በማጣሪያ ግን ለየጨዋታው በሚሞላው የተሰላፊዎች ዝርዝር ይመደባልና ትናንት 8 የነበረው ዛሬ 15 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለየውድድሩ የተለየ ገጽ፤ በየገጹ ሙሉ ስም ከነአባቱ፣ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ደቂቃ፣ የካርዱ ዓይነት። ቁጥሩ ከሁሉ መጨረሻ። ሁለተኛው ቢጫ ሲሞላ የሚቀጥለውን ጨዋታ ቀን አጠገቡ በቀይ ጻፉ። ግማሽ ገጽ አይሞላም፣ ግማሽ ገጽ!

ኬፕ ቨርዴም በዚያው ማጣሪያ ቱኒዚያን በሜዳዋ አሸንፋ፣ የታገደ ተጫዋች በማሰለፏ ድሉን ተነጥቃለች። የሌላው ስብራት ግን የእኛን አይጠግንም።

በእርግጥ ቁጥር ከንቱ ነው አልልም። ጥር 13 ቀን 1954 ግብጽን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣ አምበላችን ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተጫውቷል። «ቫሳሎ አገባ» ብቻ ብሎ የጻፈ ማንኛውን ማለቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ እዚያ ላይ ቁጥሩ ይረዳል። ስም፣ የአባት ስም፣ ቁጥር፤ ሦስቱ አብረው ካልተጻፉ ወንድም ከወንድም ይምታታል። መንግሥቱ ወርቁን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ቡድን የቀሩትን እስቲ ጥሩልኝ። ሦስት ላይ ትቆማላችሁ። እኔም አራት ላይ።

ተቆጥቼ ደከመኝ። አሁንም ማጣሪያ ይመጣል፣ አሁንም ቢጫ ይመዘዛል። አንዳችሁ ከባንዲራው ጋር እርሳስና ደብተር ይዛችሁ ትገቡ ይሆናል። ሁለት ከሆናችሁ ደግሞ በዕረፍት ሰዓት ተያዩና አመሳክሩት።