ዎርዱን ከመዝጋት ይሻላል

ሰነፍ ሰው ፋይል አልሰረዝ ሲለው የከፈተውን ዎርድ ይዘጋል። ሥራው በሁለት ሴኮንድ ያልቃል። ምን ደስ ይላል ታዲያ?

የቢሯችን ጋሼ ግን እንደዚያ አይደሉም። ዊንዶውስ «ፋይሉ በዎርድ ተከፍቷል፤ ዘግተው እንደገና ይሞክሩ» ብሎ የያዘውን በስሙ ጠርቶ ሲነግራቸው አያነቡም። ትልቅ ሰው መልእክት በማንበብ ጊዜውን አያጠፋም። ካንስል። ዲሊት። ካንስል። ዲሊት። ሦስተኛው ላይ መነጽራቸውን ያወልቁና ይፈርዳሉ፦ «ቫይረስ ነው።»

ከዚያ ቁልፍ ሰባሪው ይወርዳል። አንሎከር፣ ሎክሀንተር፣ የተገኘው ሁሉ። ሥራቸው አይናቅም። ፋይሉን የትኛው ፕሮግራም እንደያዘው ፈልገው እጁን ያስለቅቁታል። ፕሮግራሙ ገና እየጻፈበት ከሆነስ? ጽሑፉ ሜዳ ላይ ይቀራላ! ባለፈው ወር ሪፖርታችን እንዲህ ሆኖ ቀረ። ነፍስ ይማር። ማን እንደያዘው ማወቅ ብቻ ከሆነ ሪሶርስ ሞኒተር የሚባል ነገር እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ ተቀምጧል። ግን ያልወረደ ነገር ምን ክብር አለው?

ማውረዱ ራሱ በረከት አለው። ጋሼ ሲጭኑ ጣታቸው ያምራል፦ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት። አንድ ሊጭኑ ገብተው አራት ይዘው ይወጣሉ። ብሮውዘሩ ላይ ያልጠሩት ቱልባር ይደረደራል። እንግዳ አይመለስም።

ቁልፍ ሰባሪ ብቻውን ደግሞ ምን ያደርጋል? ማጽጃም ያስፈልጋል። ጋሼ ጠዋት ቡና ሳይቀምሱ ሬጅስትሪውን፣ ዊንዶውስ ቅንብሩን የሚያስቀምጥበትን መዝገብ፣ ያስጠርጋሉ። «አንድ ሺህ ምናምን ስህተት ተገኝቷል» ሲላቸው ፊታቸው ይበራል። ማይክሮሶፍት የሬጅስትሪ ማጽጃ አልደግፍም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ምቀኝነት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የተባለው ዝነኛ ማጽጃ፣ 5.33 የተባለው እትሙ፣ ሰርጎ ገቦች ቫይረስ ደብቀውበት ከራሱ ከባለቤቱ ገጽ ሲወርድ ከረመ። ወደ 2.27 ሚሊዮን ኮምፒውተር ደረሰ። መጥረጊያው ራሱ ቆሻሻ ተሸክሞ ገባ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ አልደነገጡም። ሌቦቹ መርጠው ሊዘርፉ የፈለጉት ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን እንደነበር ስጨምርላቸው ግን ትንሽ ቅር አላቸው። ያው፣ መናቅ ማንንም ያማል።

አሁን ላፕቶፑ ሲከፈት ሦስት ማጽጃ፣ ሁለት አንቲቫይረስና አንድ «ፍጥነት ጨማሪ» እኩል ይነሳሉ። ሁለቱ አንቲቫይረሶች እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ጋሼ በዚህ መሃል ምሳ በልተው ይመለሳሉ። «ኮምፒውተሩ አርጅቷል» ይላሉ፤ የተገዛው አምና ነው።

በመጨረሻ ጥገና ቤት ወሰዱት። ልጁ ገና ሳይከፍተው «ፎርማት ነው» አለ፤ ሁሉን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። እሱም እንደ ጋሼ የራሱ አባዜ አለው። ደግነቱ ዴስክቶፑ ላይ የነበረውን ሁሉ በፍላሽ ገልብጦ መለሰላቸው።

ያ አልሰረዝ ያለው ፋይልም አብሮ ተመለሰ። ጋሼ ያው መሆኑን ለማረጋገጥ ከፈቱት። ያው ነው። ሳይዘጉት ዲሊት ተጫኑ።