እልል በሉ፣ 2.74 አመጣን!

የማረሚያ ቤት ነርሶች የሥራ አካባቢ ምቹ መሆኑን በመጠይቅ አረጋግጦ ባለቀለም ግራፍ ለሚያቀርብ ኮሚቴ ምን ቢመሰገን ይበዛበታል?

መለኪያው የተዋስነው ነው። አይሊን ሌክ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ለሆስፒታል ነርሶች ያወጣችው ሲሆን 31 ጥያቄ አለው፤ በተቋሙ ጉዳይ ስለ መሳተፍ 9፣ ስለ እንክብካቤ ጥራት 10፣ ስለ ነርስ ኃላፊው ብቃትና ድጋፍ 5፣ ስለ ሰው ኃይልና ግብዓት 4፣ ስለ ሐኪምና ነርስ ግንኙነት 3። መልሱ ከ1 እስከ 4 ነው፤ አማካዩ ከ2.5 ካለፈ ምቹ ይባላል። መሐል ላይ መሸሸጊያ ሳጥን የለውም።

ደግነታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «መካከለኛ» የሚል አምስተኛ ሳጥን እንጨምራለን፤ ማለፊያዋን 2.5 ግን ማን ይነካታል? ሁሉም ፈርቶ መሐሉ ላይ ምልክት ቢያደርግ 3 ይመጣል። ዝም ያለም አለፈ።

መጠይቁን የሚያድለውም የሚሰበስበውም ያው ፈረቃ የሚመድበው አለቃ ነው፤ ቁጠባ ነዋ። ስም አይጻፍም፣ ምስጢር ነው። ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃና የአገልግሎት ዘመን ብቻ ይሞላል። ሦስት ነርሶች ባሉበት ክሊኒክ ሴቷ አንድ ከሆነች ምስጢሩ በእሷና በአለቃዋ መካከል ይቀራል።

ከሁሉ የሚያስቀናው ግን ስሌቱ ነው። አንዲት ነርስ ብቻዋን እያደረች ለሰው ኃይል 1 ሰጠች፣ ለቀሩት አራት ዘርፎች 3 እንበል። ደንቡ የአምስቱን ዘርፎች አማካይ ውሰዱ ይላል፤ 13 ለ5 ሲካፈል 2.6፣ አለፈች! የእኛ ባለሙያ በዚህ አይረካም። 31ዱን ጥያቄ በጅምላ ደምሮ ያካፍላል፤ አራቱ የሰው ኃይል ጥያቄዎች በ27ቱ መሐል ሰምጠው 2.74 ብቅ ይላል። «ዘርፎቹን ለየብቻ አሳዩን» የሚል ምቀኛ አይጠፋም መቼም።

የጥያቄዎቹ ማጣጣም ደግሞ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ «ሆስፒታል» የሚለውን በ«ማረሚያ ቤት» መተካት ነው። ነርሷ ሌሊት «ይህ ታራሚ ሆስፒታል ይሂድ» ስትል አጃቢና መኪና ማን ይፈቅዳል? የክሊኒኩ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ታራሚው የነገራትን ጥበቃው ሲጠይቃት «አልናገርም» ማለት ትችላለች? 31ዱ ውስጥ የሉም፤ ለሆስፒታል ነርስ የተጻፈ መጠይቅ ከየት ያምጣቸው! የተባበሩት መንግሥታት ስለ ታራሚዎች አያያዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው የኔልሰን ማንዴላ ደንብ በቁጥር 27 የሕክምና ውሳኔ የጤና ባለሙያ ብቻ እንደሆነና ሌላ የማረሚያ ቤት ሠራተኛ ሊሽረው እንደማይችል ይደነግጋል። ይህን አምጥቶ ጥያቄ ማድረግ ግራፍ ማበላሸት ነው።

ምክረ ሐሳቡም አንድ መስመር ነው፦ «የታየውን መልካም አፈጻጸም አጠናክሮ ማስቀጠል»። ነርስ ይቀጠር የሚለውማ ምን ሊሠራ?