ጥፋቱን ፊልሙ ላይ አንጫን

አንድ ጸሐፊ፣ ስለ ሞተረኛ ወጣቶች ቡድን የሚተርከው የአሜሪካ ፊልም «ዘ ዋይልድ ዋን» ወጣቱን ለዐመፅ አነሳሳ ማለታቸው አልተዋጠልኝም። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ መነሻ የሆነው በሆሊስተር፣ ካሊፎርኒያ የተነሳው የሞተረኞች ግርግር ግን በ1947 የሆነ ነው። እንግሊዝ እስከ 1967 ድረስ አገደችው፤ ያም ሆኖ የቆዳ ጃኬት የለበሱ ሞተረኞች እዚያም ሞልተው ነበር። ደግሞስ ፊልሙን ልብ ብለን ብናየው የሞተረኞቹን መሪ ሆኖ የሚተውነውን ማርሎን ብራንዶን ይዘው የሚደበድቡት እኮ «ጨዋ» የሚባሉት የከተማው ሰዎች ናቸው! ይህን ማንም አያነሳውም። እኔን ሁልጊዜ አንጀቴን የሚበላው መጨረሻው ነው። ያ ኩሩ ልጅ ከእስር ላዳኑት ሰዎች «አመሰግናለሁ» ማለት እንኳ ያቅተዋል። ማንም አላስተማረውማ! ተመልሶ መጥቶ፣ ጓደኞቹ ሰርቀው የሰጡትን የሞተር ውድድር ዋንጫ ልቡ ለከጀላት የካፌ አስተናጋጅ ልጅ ይተውላታል፤ ፈገግ ይልና ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል።